ኮራል በአዲስ አበባ ይኖራልን?

ከአትክልት ተራ አንሥቶ እስከ መርካቶ እምብርት ባሉት መደብሮች በጆንያና በፌስታል የሚሸጠው ጨው አብዛኛው የአፋር ጨው ነው። (የአትክልቱ የጅምላ ገበያ በ2012 ዓ.ም. በኮሮና ወረርሽኝ ሳቢያ ወደ ጃን ሜዳ፣ ኋላም ወደ ላፍቶ ቢዛወርም ስሙ ከሠፈሩ ጋር ቀርቷል።) እስከ 1990 ዓ.ም. ድረስ የሀገራችን ጨው በአመዛኙ ይመጣ የነበረው ከአሰብ ሲሆን፣ የኢትዮጵያና የኤርትራ ጦርነት ያንን መንገድ ከዘጋው በኋላ የአፍዴራ ሐይቅ ቦታውን ወሰደ። ከአፍዴራ በስተ ሰሜን፣ በዳሎልና በአሳሌ ሜዳ ደግሞ ጨው ከጥንት ጀምሮ እንደ ጡብ እየተጠረበ ወደ ደጋው ሲጫን ኖሯል፤ አሞሌ ተብሎ በገንዘብነት ያገለገለውም ይኸው ነው። ሻጩም ሆነ ገዢው ልብ የማይለው አንድ ነገር ግን አለ። የዳናኪል ረባዳ ምድር አንድ ጊዜ የቀይ ባሕር ክንድ ነበረ፤ በዳርቻውም ኮራል ያድግበት ነበር። ጨው የሚጠረብበት ሜዳ የዚያ ባሕር አጽም ነው ማለት ይቻላል።

ይህን ማንሣት ያስፈለገው ተማሪዎች ደጋግመው ስለሚያቀርቡት ጥያቄ ነው። በቴሌቪዥንና በኢንተርኔት የሚታየው፣ በሰው ቤት ውስጥ በመስተዋት ገንዳ ሆኖ በልዩ ልዩ ቀለም የሚያድገው ድንጋያማ ኮራል በአዲስ አበባ ሊኖር ይችላልን? መልሱ ባጭሩ «ይችላል፤ ነገር ግን» የሚል ነው። ከ«ነገር ግን» በኋላ የሚመጣው ደግሞ በአብዛኛው ፊዚክስ ነው።

ድንጋይ የሚሠራ እንስሳ

ኮራልን ብዙ ሰው ተክል ወይም ድንጋይ አድርጎ ያስበዋል፤ ሁለቱንም ስለሚመስል አያስገርምም። በሥነ ሕይወት ምደባ ግን ኮራል እንስሳ ነው፤ የጄሊፊሽ የሩቅ ዘመድ ነው። አንዱ ግለሰብ ፖሊፕ ይባላል፤ ጫፉ ላይ አፍ፣ በአፉ ዙሪያ ቀጫጭን መዳሰሻዎች ያሉት ትንሽ ከረጢት ነው። ፖሊፑ ከባሕሩ ውኃ ካልሲየምና ካርቦኔት እየወሰደ ከሥሩ አራጎናይት የተባለውን የካልሲየም ካርቦኔት ክሪስታል ያነጥፋል። አዳዲስ ፖሊፖች ከነባሩ ጎን እየበቀሉ ሲሄዱ ድንጋዩም አብሮ ይሰፋል። ይህ ሥራ ለሺህ ዓመታት ሲቀጥል የሚገነባው የባሕር ውስጥ ዐለት ሪፍ ይባላል።

በፖሊፑ ሥጋ ውስጥ በዓይን የማይታዩ ባለ አንድ ሕዋስ አልጌዎች (ዋቅላሚዎች) ይኖራሉ። እነዚህ በቀን ብርሃን አስተፃምሮ አካሂደው ከሚያዘጋጁት ምግብ አብዛኛውን ለአስተናጋጃቸው ይሰጣሉ፤ በምላሹም መጠለያና ናይትሮጅን ያገኛሉ። ውሉ የሚጸናው ግን በጠባብ የሙቀት ክልል ውስጥ ነው። የባሕሩ ሙቀት ከዓመቱ እጅግ ሞቃት ወር አማካይ በ1 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ብቻ በልጦ ለሳምንታት ከቆየ ኮራሉ አልጌዎቹን ያስወጣል፤ ነጭ አጽሙም በሥጋው አልፎ ይታያል። አልጌዎቹ በጊዜ ካልተመለሱለት በረኃብ ይሞታል። በ2023 እ.ኤ.አ. የጀመረውና በሚያዝያ 2024 እ.ኤ.አ. በይፋ የታወጀው አራተኛው ዓለም አቀፍ የኮራል መንጣት ከዓለም ሪፎች ስፋት 84 በመቶ ያህሉን ለእንዲህ ዓይነቱ ሙቀት አጋልጧል። ኮራል ከባሕር ነቅሎ በቤት ውስጥ ለመግደል ከዚህ የከፋ ዘመን አይገኝም። ስለዚህ ጥያቄው «ይቻላልን?» ብቻ ሳይሆን «ሳይሞት ይቻላልን?» መሆን አለበት።

ጠባቂ ያልነበረው ገንዳ

አኳሪየም ማለት በሩ የተዘጋ ባሕር ማለት ነው። በሩ ሲዘጋ ምን እንደሚከተል ለማየት ከዳናኪል የተሻለ ቤተ ሙከራ አላውቅም።

ከ125,000 ዓመታት በፊት ገደማ፣ በሁለት የበረዶ ዘመናት መካከል፣ የዓለም ባሕሮች ከዛሬው ከፍ ብለው በነበሩበት ጊዜ፣ ቀይ ባሕር ዛሬ በኤርትራ ባለው በዙላ ባሕረ ሰላጤ በኩል ወደ ዳናኪል ይገባ ነበር። በረባዳው ጠርዝ ዙሪያ የተገነቡት ሪፎች ዛሬ በደረቅ ምድር ላይ ቆመው ይታያሉ፤ የኮራሉ ቅርጽ፣ በመካከሉ የነበሩት ዛጎሎችም ሳይቀሩ በድንጋዩ ውስጥ ይለያሉ። ኋላ ላይ የምድር ቅርፊት መነሣትና እሳተ ገሞራ ከባሕሩ ከፍታ መውረድ ጋር ተደምረው በሩን ዘጉት።

እስቲ እናስላ። በቀይ ባሕር ላይ በዓመት 2 ሜትር ያህል ውኃ ይተናል። የሚተካ ውኃ ከሌለ 100 ሜትር ጥልቀት ያለው ባሕር በ50 ዓመት ገደማ ይደርቃል፤ ጨዋማነቱ ሲጨምር ትነቱ ስለሚቀንስ ጥቂት ይዘገይ ይሆናል። ኮራሉ ግን ይህን ያህል አይጠብቅም። አንድ ኪሎግራም የውቅያኖስ ውኃ 35 ግራም ጨው ይይዛል። ከውኃው አንድ ሦስተኛው ሲተን ይህ መጠን ከ52 ግራም ይበልጣል፤ ይህም ሪፍ ለሚገነቡት ኮራሎች ሞት ነው። በስሌታችን መሠረት እዚያ ለመድረስ 17 ዓመት ይበቃል። ባሕሩ ገና ሰማያዊ ሆኖ፣ ሁለት ሦስተኛው እያለ፣ ሪፉ ሞቷል።

ሌላም ስሌት አለ። ያው 100 ሜትር ጥልቀት ያለው ባሕር ጨርሶ ቢደርቅ የሚተወው የጨው ንጣፍ ውፍረቱ 1.7 ሜትር ገደማ ብቻ ነው። በዳናኪል ግን ንጣፉ በአንዳንድ ሥፍራ ከአንድ ኪሎ ሜትር እንደሚበልጥ ይገመታል። ለዚያ 60 ኪሎ ሜትር ጥልቀት ያለው ባሕር መትነን ነበረበት! እንዲህ ያለ ባሕር በምድር ላይ የለም። ስለዚህ በሩ አንድ ጊዜ ተዘግቶ የቀረ ሳይሆን፣ ውኃው እየገባና እየተነነ፣ ደግሞ እየገባ ለረጅም ዘመን ኖሯል ማለት ነው።

የ100 ሊትር ገንዳ የዚህ ታናሽ ምሳሌ ነው። ውኃው ሞቆ በአዲስ አበባ ደረቅ አየር ውስጥ ሲቀመጥ በቀን 1 ሊትር ቢተን የሚያስደንቅ አይሆንም። ምንም ሳይጨመርበት 10 ቀን ቢያልፍ 35 የነበረው ጨዋማነት 39 ይደርሳል። የሚተነው ውኃ እንጂ ጨው ስላልሆነ፣ የሚተካውም ንጹሕ ውኃ እንጂ የጨው ውኃ መሆን የለበትም። ያች የየዕለቷ አንድ ሊትር ለገንዳው የዙላ ባሕረ ሰላጤ ናት።

ጨዋማነትን ለመለካት ውድ መሣሪያ የግድ አያስፈልግም። በ25 ዲግሪ ሙቀት 100 ሚሊ ሊትር ትክክለኛ የባሕር ውኃ 102.33 ግራም ይመዝናል፤ ጨዋማነቱ 39 ሲደርስ 102.63 ግራም ይሆናል። ልዩነቱ 0.3 ግራም ነው። የወርቅ ሠሪዎች የሚጠቀሙበት፣ እስከ 0.01 ግራም የሚለይ ትንሽ ሚዛንና ከኬሚስትሪ ክፍል የተዋሱት የመለኪያ ጠርሙስ ይህን በቀላሉ ያሳያሉ።

ጨው ሁሉ ባሕር አይሆንም

አሁን ወደ መርካቶው ጨው እንመለስ። ከዚያ 35 ግራም ገዝቶ ከአንድ ሊትር ውኃ ጋር ቢቀላቅሉት ባሕር ይሆናልን? አይሆንም፤ ምክንያቱም ዳናኪል ውስጥ ተጽፏል።

በባሕር ውኃ ውስጥ ከሟሟው ቁስ 86 በመቶ ያህሉ ሶዲየምና ክሎራይድ ነው። የቀረው 14 በመቶ ሰልፌት፣ ማግኒዥየም፣ ካልሲየም፣ ፖታሲየምና ሌሎችም ናቸው። ባሕር ሲደርቅ እነዚህ ሁሉ በአንድ ጊዜ አይወርዱም፤ እያንዳንዱ ተራውን ይጠብቃል። አስቀድሞ ካልሲየም ካርቦኔት፣ ቀጥሎ ጂፕሰም፣ ከዚያ የገበታ ጨው፣ በመጨረሻም የፖታሲየምና የማግኒዥየም ጨዎች ይረጋሉ። በዳሎል አካባቢ የፖታሽ ክምችት የሚገኘውም በዚህ የመጨረሻ ተራ ነው። እንግዲህ በጆንያ የምንገዛው ጨው ከሰልፉ መካከል ተቆርጦ የወጣ አንድ ክፍል ነው፤ ኮራሉ አጽሙን የሚሠራበት ካልሲየም ከእርሱ ቀድሞ ወርዶ ቀርቷል። ለኮራል የሚያስፈልገው ሁሉም ንጥረ ነገሮች በባሕሩ ምጣኔ የተመለሱበት፣ ለሪፍ አኳሪየም ተብሎ የሚዘጋጅ ድብልቅ ጨው ነው። ይህን ከውጭ ከማስመጣት ሌላ አማራጭ የለም፤ ርካሽም አይደለም።

ውኃውም ቢሆን ምርጫ ይፈልጋል። የቧንቧ ውኃ ክሎሪን አለበት፤ የከርሰ ምድር ውኃ ከሆነ ደግሞ የማዕድን ይዘቱ ከሠፈር ሠፈር ይለያያል። በክረምት ዝናብ መሰብሰብ ብልህነት ሊመስል ይችላል። ይሁን እንጂ የቤታችን ክዳን ቆርቆሮ ነው፤ ቆርቆሮው በዚንክ የተለበጠ ነው፤ ዚንክና መዳብ ደግሞ ለሰው በማይታወቅ መጠን እንኳ ኮራልን ይመርዛሉ። አስተማማኙ የተጣራ (ዲስቲልድ) ወይም በሪቨርስ ኦስሞሲስ ያለፈ ውኃ ብቻ ነው።

ኮራሉ ማደግ ሲጀምር ካልሲየሙን ከውኃው ይመጠምጣል። በሊትር 420 ሚሊግራም ገደማ የሆነው መጠን እንዳይወርድ መተካት አለበት። ለዚህ ከሚውሉት ዘዴዎች አንዱ ለእኛ ጆሮ እንግዳ ያልሆነው ኖራ ነው። ንጹሕ ካልሲየም ሃይድሮክሳይድ በተጣራ ውኃ ሟሙቶ፣ ከሥር የዘቀጠው ተትቶ፣ የጠለለው ውኃ በዝግታ ጠብ ጠብ ይደረጋል። አንድ ሊትር የሞላ የኖራ ውኃ 0.8 ግራም ያህል ካልሲየም ይይዛል፤ ይህም በ100 ሊትር ገንዳ ውስጥ በሊትር 8 ሚሊግራም ይጨምራል፤ ሁለት ግራም የኮራል ድንጋይ ለመሥራትም ይበቃል። አንድ ትንሽ ኮራል በቀን ይህን ያህል ስለማይጠቀም ሲጀመር ከዕለቱ ውኃ ከአሥር አንድ እጁን ብቻ በኖራ ውኃ መተካት ይበጃል። የኖራ ውኃ ፒኤቹ 12.4 ስለሚደርስ በአንዴ ቢፈስ ገንዳውን ያቃጥላል፤ ዓይንና ቆዳንም እንዲሁ። ለግንብ የሚሸጠው ኖራ ባዕድ ነገር ስለሚበዛበት ለዚህ አይሆንም፤ ለምግብ ሥራ ወይም ለቤተ ሙከራ የተዘጋጀው ይፈለግ።

በ2,400 ሜትር ከፍታ መተንፈስ

በመጻሕፍት ውስጥ የማይገኘው የአዲስ አበባ ልዩ ጉዳይ ይህ ነው። ስለ ኮራል አኳሪየም የተጻፈው ሁሉ ማለት ይቻላል ለባሕር ጠረፍ ከፍታ የተጻፈ ነው። በእኛ ከተማ የአየር ግፊት የባሕር ጠረፉ ሦስት አራተኛ ገደማ ነው። ጋዝ በፈሳሽ ውስጥ የሚሟሟው በከፊል ግፊቱ ልክ በመሆኑ (የሄንሪ ሕግ ይህ ነው)፣ በ25 ዲግሪ በጠረፍ 6.8 ሚሊግራም ኦክስጅን የሚይዝ አንድ ሊትር የባሕር ውኃ በአዲስ አበባ የሚይዘው 5.1 ብቻ ነው።

በቀን ይህ አያሳስብም፤ አልጌዎቹ ኦክስጅን ያመርታሉና። ሌሊት ግን አልጌው፣ ኮራሉ፣ ዓሣውና ባክቴሪያው ሁሉ ከዚያችው ከሳሳች ቋት ይጠቀማሉ። ስለዚህ በዚህ ከተማ የዓሣው ቁጥር መጽሐፍ ከሚፈቅደው ማነስ፣ የውኃው ገጽም ሌሊቱን ሙሉ መናወጥ አለበት። ነገሩን አንድ ወዳጄ እንዲህ ሲል ያየዋል፦ የመንገደኛ አውሮፕላን በሰማይ ላይ ሲበር የውስጡ ግፊት የሚስተካከለው በግምት ከአዲስ አበባ ከፍታ ጋር ነው፤ ስለዚህ እዚህ ያለ ዓሣ ዕድሜውን ሙሉ በአውሮፕላን ውስጥ እንዳለ ይኖራል።

ከፍታው የሚሰጠን ስጦታም አለ። የካርቦን ዳይኦክሳይድ ከፊል ግፊትም በዚያው ልክ ያንሳል። በ2024 እ.ኤ.አ. የዓለም አየር 425 የሚሊዮን ክፍል ያህል ካርቦን ዳይኦክሳይድ ነበረው፤ በአዲስ አበባ ይህ በጠረፍ ከ320 ገደማ ጋር እኩል ይሆናል። ይህ ቁጥር የዓለም አየር በ1960ዎቹ እ.ኤ.አ. የነበረው ነው! ካርቦን ዳይኦክሳይድ ሲያንስ ፒኤች ከፍ ይላል፤ አራጎናይት ለመርጋት ይቀለዋል፤ የኮራሉም ሥራ ይቀላል። በሌላ አነጋገር፣ በንጹሕ አየር የሚናወጥ የአዲስ አበባ ገንዳ ከስድሳ ዓመት በፊት የነበረውን ባሕር በዚህ ረገድ ይመስላል። መስኮቱ ተዘግቶ፣ የቡና ከሰል ተቀጣጥሎ፣ ስምንት ሰው በተቀመጠበት ክፍል ግን ስጦታው በአንድ ሰዓት ውስጥ ይጠፋል። ገንዳው ያለበት ክፍል ቡና የሚፈላበት ባይሆን ይመረጣል።

መብራት ሲጠፋ

የአዲስ አበባ ዓመታዊ አማካይ ሙቀት 16 ወይም 17 ዲግሪ ነው። ለኮራል የሚስማማው ከ24 እስከ 26 ነው። በሞቃት አገሮች ያሉ ባለ አኳሪየሞች ውኃ ለማቀዝቀዝ ሲጨነቁ እኛ ለማሞቅ እንጨነቃለን።

60 በ45 በ40 ሴንቲ ሜትር የሆነ ገንዳ የጎኖቹና የላይኛው ገጹ ስፋት 1.1 ካሬ ሜትር ገደማ ነው። በእያንዳንዱ ካሬ ሜትር፣ ለእያንዳንዱ ዲግሪ ልዩነት 5 ዋት ያህል ቢያመልጥ፣ ገንዳው 25፣ ክፍሉ 17 ዲግሪ ሲሆን 44 ዋት ይጠፋል። የአንድ ሊትር ዕለታዊ ትነት ብቻውን ደግሞ 28 ዋት ይወስዳል፤ የአትክልት ነጋዴ ጎመኑ ላይ እርጥብ ጆንያ ሲያለብስ የሚጠቀምበት የትነት ቅዝቃዜ ይኸው ነው። በድምሩ 72 ዋት፣ በወር 52 ኪሎዋት ሰዓት ገደማ መሆኑ ነው፤ መብራቱና ፓምፑ ሳይቆጠሩ።

የኤሌክትሪክ ኃይል ሲቋረጥስ? የ100 ሊትር የባሕር ውኃ ሙቀት በ1 ዲግሪ ለማውረድ 410 ኪሎጁል መውጣት አለበት፤ በ72 ዋት ፍጥነት ይህ አንድ ሰዓት ተኩል ገደማ ይፈጃል። ስድስት ሰዓት የቆየ መጥፋት ውኃውን ከ25 ወደ 22 ዲግሪ አካባቢ ያወርደዋል። ይህ ለኮራሉ ክፉ ነው እንጂ ወዲያው የሚገድል አይደለም። ታጥፎ አንድ ሴንቲ ሜትር ያህል የወፈረ ጋቢ በጎኖቹ ቢጠቀለልበት በመስተዋቱ በኩል የሚያመልጠው ሙቀት በግማሽ ገደማ ይቀንሳል። ቀድሞ የሚያሰጋው ሙቀቱ ሳይሆን የውኃው መቆም ነው። ፓምፑ ሲቆም ከአየር ኦክስጅን መግባቱ ይዳከማል፤ ያ የሳሳ ቋትም ሳይተካ ይጠጣል። ስለዚህ ገንዘብ ያጠረው ሰው ከሁሉ አስቀድሞ መግዛት ያለበት የተዋበ መብራት ሳይሆን በባትሪ የሚሠራ የአየር ፓምፕ ነው። በዚህ ረገድ የማመነታበት ምንም ነገር የለም።

የውኃው እንቅስቃሴ ለሌላም ምክንያት ያስፈልጋል። በማናቸውም ገጽ ላይ ውኃ ተጣብቆ የሚቆምበት ቀጭን ንብርብር አለ፤ በእርሱ ውስጥ ኦክስጅንና ምግብ የሚጓዙት በስርፀት (ዲፊዩዥን) ብቻ ነው። የስርፀት ጊዜ በርቀቱ ካሬ ልክ ይጨምራል። ንብርብሩ 1 ሚሊ ሜትር ከሆነ አንድ የኦክስጅን ሞለኪውል ለማለፍ 4 ደቂቃ ያህል ይፈጅበታል፤ ሞገድ ንብርብሩን ወደ 0.1 ሚሊ ሜትር ካሳሳው 2.5 ሰከንድ ይበቃል። ርቀቱ በአሥር፣ ጊዜው በመቶ እጅ አጠረ። ኮራል ተንቀሳቅሶ አየር አይፈልግም፤ አየሩ ነው ወደ እርሱ የሚሄደው። የፓምፑ ፍሰት ግን ያለማቋረጥ በአንድ አቅጣጫ ኮራሉ ላይ መወርወር የለበትም፤ ሥጋውን ከአጽሙ ይገፈዋልና። አቅጣጫው እየተለዋወጠ የሚናወጥ ፍሰት ይሻላል።

ስለ ብርሃን ጥቂት ልበል። ንጹሕ ባሕር ቀዩን ብርሃን በመጀመሪያዎቹ ሜትሮች ውጦ ሰማያዊውን ወደ ጥልቁ ያሳልፋል፤ የኮራሉ አልጌዎችም ለሰማያዊው ተስማምተው አድገዋል። የአኳሪየም ኤልኢዲ መብራቶች የሚያሳምም የሚመስል ሰማያዊ የሚሆኑት ለዚህ ነው። የእኩለ ቀን ፀሐይ በካሬ ሜትር በሰከንድ 2,000 ማይክሮሞል ያህል ፎቶን ሲያፈስ፣ ባለ ትልቅ ፖሊፕ ኮራሎች ከ50 እስከ 150 ይበቃቸዋል። ስለዚህ ገንዳውን በመስኮት ሥር ለቀጥተኛ ፀሐይ ማጋለጥ ትርፉ አረንጓዴ ሽበትና የሚዋልል ሙቀት ነው።

የትኛው ኮራል ይመረጥ?

ድንጋያማ ኮራሎችን የሚያኖሩ ሰዎች በሁለት ይከፍሏቸዋል፤ ባለ ትንሽ ፖሊፕና ባለ ትልቅ ፖሊፕ። አክሮፖራን የመሰሉት ባለ ትንሽ ፖሊፖች ሥጋቸው ስስ፣ ዕድገታቸው ፈጣን፣ ቁጣቸውም ፈጣን ነው፤ የሙቀትና የካልሲየም መዋዠቅ አይችሉም። ኃይል በሚቆራረጥበት ከተማ አክሮፖራ መጀመር ለእኔ ከድፍረት ያለፈ ነው። ጎኒዮፖራም አበባ ስለሚመስል ብዙዎችን ይማርካል፤ ነገር ግን በጀማሪ እጅ ቀስ በቀስ በመክሳት ስመ ጥር ነው። ለመጀመሪያ ጊዜ ኮላስትሪያ ወይም ፋቪያ ይመረጥ። ሥጋቸው ወፍራም ነው፤ መካከለኛ ብርሃን ይበቃቸዋል፤ ምሽት ላይ የሚሰጣቸውን ደቃቅ የሽሪምፕ ቁራጭ ስለሚበሉ ለክፉ ቀን ስንቅ ይይዛሉ። ዩፊሊያም ጠንካራ ነው፤ ሆኖም ሌሊት ረጃጅም ተናዳፊ ክሮች ዘርግቶ ጎረቤቱን ስለሚያቃጥል በዙሪያው ቢያንስ 15 ሴንቲ ሜትር ባዶ ቦታ ይፈልጋል።

ከየት እንደመጣ መጠየቅ ከዓይነቱ እኩል ይከብዳል። ከባሕር የተነቀለ ሳይሆን ከሌላ አኳሪየም ከሚያድግ ኮራል ተቆርጦ የተባዛ ቁራጭ መሆን አለበት። እንዲህ ዓይነቱ ቁራጭ በትንሽ የሸክላ መቀመጫ ላይ ተለጥፎ፣ ሥጋው መቀመጫውን ማልበስ ሲጀምር ይታያል። ማንኛውም ድንጋያማ ኮራል የዱር እንስሳትና ዕፅዋት ዓለም አቀፍ ንግድን በሚቆጣጠረው ሳይተስ በተባለው ስምምነት ሁለተኛ ዝርዝር ውስጥ የተመዘገበ ስለሆነ ያለ ላኪው አገር ፈቃድ ድንበር አይሻገርም፤ ኢትዮጵያም ከ1989 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የስምምነቱ አባል ናት። ከጅቡቲ ወይም ከሌላ ጠረፍ በሻንጣ ይዞ መምጣት ሕገ ወጥ ነው፤ በመንገድ መሞቱም አይቀርም።

ሲመረጥ የሚታየው ቀለሙ ሳይሆን ጠርዙ ነው። ሥጋው እስከ አጽሙ ጫፍ መድረሱ፣ ከሥር ነጭ ድንጋይ አለመታየቱ፣ ሲነካ መሰብሰቡ ይፈተሻል። የሰበሰ ሽታ ያለው ኮራል በነጻ ቢሰጥም አይወሰድም፤ ሌሎቹን ይዞ ይሞታል።

ለተማሪ የምመክረው አካሄድ ግን ከምርጫው በፊት የሚጀምር ነው። ገንዳው ተሞልቶ፣ ምንም እንስሳ ሳይገባበት፣ ለዘጠና ቀን ይጠበቅ። በየዕለቱ ጠዋትና ማታ ሙቀቱና የ100 ሚሊ ሊትሩ ክብደት በደብተር ይመዝገብ፤ ኃይል የጠፋበት ሰዓትና ጋቢው የተጠቀለለበት ደቂቃም እንዲሁ። በእነዚህ ቀናት አሞኒያን ወደ ናይትራይት፣ ናይትራይትን ወደ ናይትሬት የሚለውጡት ባክቴሪያዎች እንዲሰፍሩ ጥቂት የዓሣ ምግብ ይነስነስ፤ ባክቴሪያዎቹ ለመደላደል ሳምንታት ይፈልጋሉ። ከዘጠና ቀን በኋላ የሙቀቱ መስመር ከ23 በታች ያልወረደበት፣ ጨዋማነቱም በ34 እና በ36 መካከል የቆየበት ግራፍ የያዘ ሰው ኮራል መግዛት ይችላል። ግራፉ እንደ እንጦጦ መንገድ ወጣ ገባ ከሆነ ሌላ ዘጠና ቀን ይጨመር፤ እስከዚያ የሞተ ነገር የለም፤ የጠፋው ጨውና ኤሌክትሪክ ብቻ ነው።

ኮራሉ ሲመጣ የታሸገበት ፌስታል ሳይፈታ በገንዳው ላይ ግማሽ ሰዓት ተንሳፎ ሙቀቱ ይስተካከል። ከዚያ ፌስታሉ ተከፍቶ የገንዳው ውኃ በየጥቂት ደቂቃው ይጨመርበት። የመጣበት ውኃ ወደ ገንዳው አይገባም። መብራቱ ለሁለት ሳምንት በግማሽ ኃይሉ ይሥራ፤ ኮራሉም ከሥር ይቀመጥና ቀስ በቀስ ወደ ላይ ይነሣ። በመጀመሪያዎቹ ሦስት አራት ቀናት ፖሊፖቹ ተሸማቀው ቢቆዩ ቦታውን መቀያየር አይገባም። ሌሊት መብራት ከጠፋ ከአንድ ሰዓት በኋላ በደካማ ቀይ ባትሪ ሲታይ መዳሰሻዎቹ ወጥተው ከሆነ መብላት ጀምሯል ማለት ነው፤ ከዚያ በኋላ በሳምንት አንድ ጊዜ ይመገብ፤ ከገንዳው ውኃም በየሳምንቱ አሥር በመቶው ይቀየር።